የእትዬ ዳመነች የካውያ ጠረጴዛ

እትዬ ዳመነች ማረፏን የሰማሁት የአንድ ሰውዬ ሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ሳለሁ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ፣ «ያቺ ካውያ ላይ የነበረችው ሴትዮ አርፋለች አሉ፤ ትናንት ቀብረዋታል» አለና ወደ ጓሮ ወጣ። ሰውየው ቆሞ ይጠብቀኝ ስለነበር ዚፑን ጨረስኩ። ሱሪውን ሰጥቼ ሸኘሁት።

ቤቷ ፉሪ ነው። ከኛ ስፌት ቤት አንድ ታክሲ ነው። ሰው ከዚህ ተነስቶ መርካቶ ድረስ ሄዶ ቁልፍና ክር ገዝቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ታክሲ መሳፈር አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር።

ስፌት ቤታችን ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ቶሎሳ የዚያው አካባቢ ገበሬ ልጅ ነው። የአባቱ ስንዴ ይዘራበት የነበረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ሲበቅል፣ በቀረችው ግቢ ላይ የስፌት መኪናዎች ተክሎ ጓሮውን ለሁለት ላሞቹ ተወላቸው። ስለ ልብስ የሚያውቀው ነገር የለም። ጣቃ ጨርቅ ሲገዛ ዙሪያውን ዞሮ ያየዋል፣ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ ከዚያ «ደህና ነው» ይላል። እንደ በሬ ጥርሱን ማየት ብቻ ነው የሚቀረው እያልን እንስቅበት ነበር።

እኔ ስቀጠር እትዬ ዳመነች እዚያ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ የምታስር ሴት ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትተኩሳለች። የመጀመሪያው ቀን አንቱ አልኳት። ካውያውን አቁማ፣ «ጌታን አንተ እያልኩ ስጸልይ ውዬ አንቺ እኔን አንቱ ትዪኛለሽ? ተይ፣ እንዳታስኮንኚኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ ሆነች። እትዬ የሚለውን ግን አልለቅም ብዬ ያዝኩ።

ሰው ስታናግር ፊት ለፊት አታይም። ጉንጯን ትሰጥሃለች። ደንበኞች ኩራት ይመስላቸው ነበር፤ እኔም የመጀመሪያውን ወር እንደዚያ ነው የመሰለኝ። በሁለተኛው ወር ካውያውን ከቦታው አንስቼ ወዲያ ማዶ አስቀመጥኩት። መጥታ እጇን ዘረጋች፣ አጣችው። ዝም ብላ ወደ ግድግዳው ሄደችና ሶኬቱን ዳሰሰች፤ ከዚያ ገመዱን በጣቷ እየተከተለች ካውያው ድረስ መጣች። እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ቀርቻለሁ።

«አየሽኝ አይደል?» አለች ዞር ሳትል።

«ምኑን?»

«ተይ እንጂ። እኔ አላይም እንጂ መታየቴን አውቃለሁ።»

ሌሎቹ ሰፊዎች ምሳ ሲወጡ ነገረችኝ። «መሀሉ ጠፍቷል፤ ዳር ዳሩ አለ። ያንቺን ጆሮ አያለሁ፤ አፍንጫሽን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም» አለችኝ። ቀድሞ ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ዓይኗን አስመርምሮ በክብር ሸኝቷት ነበር። በክብር የምትለው እሷ ናት። እኛ ጋ ስትመጣ ለማንም አልተናገረችም፤ ጋሽ ቶሎሳ ካወቀ አንድ ቀን እንኳ እሳት አያስይዛትም። «የቀረኝ ይሄ ሳንቃ ነው» አለችኝ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየደበደበች። «ከዚህ ካወረዱኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ እንዳላይ፣ ግድግዳውም አይታየኝ። ከጌታ በታች አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።»

ሳንቃ ያለችው አለነገር አይደለም። የካውያ ጠረጴዛ ብለን እንጥራው እንጂ የጋሽ ቶሎሳ አባት ቤት በር ነው። አራት እግር ተሠርቶለት ቆመ እንጂ የቁልፉ ቀዳዳ ከነዝገቱ አለ። ስለዚህ ከሱቅ የሚገዛ የጠረጴዛ ልብስ አይሆነውም፤ በልኩ ተሰፍቶ ነው የሚለብሰው። እሷ ስለዚያ ልብስ ስትናገር ስለ ሰው የምትናገር ነው የሚመስለው። «ካውያ ከላይ ነው የሚሠራው። ከታች ያለው ካላገዘው ብቻውን ምን ያደርጋል?» ትላለች። ሌላም አባባል ነበራት፤ «ስፌት ያበላሸውን ካውያ ይሸፍነዋል። ካውያ ያበላሸውን የሚሸፍነው የለም።»

ዓይኗ ሳይብስ የሰፋችው ልብስ ነበር ጠረጴዛው ላይ። በእሷ በኩል ባለው ጠርዝ፣ ወደ ታች በታጠፈው ላይ፣ ከወፍራም ክር የተሠሩ ቋጠሮዎች ተደርድረዋል። በየአሥሩ ሳንቲ ሜትር አንድ። ደንበኛ ፊት ሜትር ማንበብ ስለማትችል በግራ አውራ ጣቷ ቋጠሮ እየቆጠረች ትለካለች። ቁመት፣ እጥፋት፣ እጅጌ፣ ሁሉንም። አንድ ቀን ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ይሄ ደግሞ ምን ድግምት ነው?» አላት። «ቋጠሮ ነው ጋሽ ቶሎሳ። ድግምት ከሆነ ካውያው ሥር ምን ይቆያል፣ ይቃጠል ነበር» አለችው። ሳቀና ሄደ። ላብ ያጠመቀው እኔን እንጂ እሷን አይደለም።

እኔ ዓመት ሳይሞላኝ ያ ልብስ አለቀ። መሀሉ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ወረቀት ተሰነጠቀ። እሷ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቆመች ቆይታለች። «አንቺ ትሰፊዋለሽ፤ እኔ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ነገረችኝም። ከታች የሚሆነው የድሮ የወታደር ብርድ ልብስ ነው። «ስትገዢ አንድ ክር ምዘዢና አቃጥይው። ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው። ፌስታል ፌስታል ከሸተተ ጥለሽው ነይ፤ እሱ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል።» ከላይ አቡጀዲ። አበባ ያለበት አይሆንም፤ ቀለሙ በሙቀት ተነስቶ የሰው ሸሚዝ ላይ ያርፋል። ዙሪያውን መቀነት እንደሚገባበት ሱሪ ታጥፎ ይሰፋል፣ ገመድ ይገባበታል፣ ከሥር ይታሰራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አቡጀዲው ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ ሦስት ጊዜ ይደርቃል። «ፋብሪካ ጨርቁን ለማደንደን አሚዶ ይቀባዋል። አሚዶው ካልወጣ ሙቀት ሲያገኝ ይሰበሰባል። ቋጠሮዬ ደግሞ አብሮት ይሰበሰባል። ገባሽ?»

ገብቶኝ ነበር። ያን ሳምንት ግን ፈረቃችን ዘልሎ ሰፈራችን ውኃ አልመጣም። ለመጠጥ የያዝኩት ሁለት ጀሪካን ነበር። ክረምቱም ገና አልወጣም፣ አንድ ጊዜ ያጠብኩት ጨርቅ እንኳ በሁለት ቀን አይደርቅም። ለካውያ ጠረጴዛ ልብስ ይሄ ሁሉ አልኩ። አቡጀዲውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስኪለሰልስ ድረስ በሁለት እጄ አሸሁት። ነጭ ብናኙ ቀሚሴ ላይ ተራገፈ። ከዚያ ሰፋሁት፤ ቋጠሮዎቹንም በሜትር እየለካሁ በየቦታቸው አደረግኩ። እንዲያውም አምሮልኝ ነበር።

ሳመጣላት በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት አደረገችው።

«አጥበሽዋል?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ እትዬ።»

«ተባረኪ» አለች። ሌላ ሰው ዓይን እያየ ይዋሻል፤ እኔ የዋሸሁት ጣቷን ነው። ይህንን ያኔ አላሰብኩትም።

በዚያው ሰሞን የእሷ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኳየር ሃያ አራት ሐምራዊ ጉርድ አዘዘን። ሥራውን ያመጣችው እሷ ናት፤ ደስታዋ ሌላ ነበር። ጉርዱ ሁሉ ቁመቱ አንድ ሜትር ነው። እሷ አሥር ቋጠሮ ቆጥራ ጫፉን ታጥፍና ትተኩሰዋለች፤ እኔ ከእጥፋቱ የተረፈውን ቆርጬ እሰፋዋለሁ። የእትዬ ዳመነችን ልክ ደግሞ ማንም ዳግመኛ አይለካም። ሦስት ቀን ፈጀብን። ውኃ እየረጨች፣ እንፋሎቱ እየተነሳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እየዘመረች። ጉርዶቹ የተሰቀሉት በተሰፉበት ተራ ነው፤ አንደኛው መጀመሪያ፣ ሃያ አራተኛው መጨረሻ።

የኳየሩ መሪ እህት ገነት ልትረከብ መጣች። የተሰቀለውን ስታይ ፈገግ ብላ ነበር፤ ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ወረደ።

«እትዬ ዳመነች፣ ይሄ ደረጃ ነው እንዴ?»

እውነትም ደረጃ ነበር። የመጀመሪያው ጉርድ ልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት በትንሽ በትንሹ እያጠሩ ሄደው የመጨረሻው ያጠረው አራት ጣት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ትርፉ ደግሞ ተቆርጦ ተጥሏል። ጋሽ ቶሎሳ ከጓሮ ተጠርቶ መጣ። ሁለት ጊዜ ዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ ያለማንም እርዳታ ስለ ልብስ ፈረደ። «ይሄ ልክ አይደለም» አለ።

እትዬ ዳመነች ወደተሰቀሉት ጉርዶች ሄደች። ጫፋቸውን አንድ በአንድ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በእጇ ዳሰሰች። አንዱ ረዝሞ አንዱ ቢያጥር የእጅ ስህተት ነው። ይሄ ግን ሳይዛነፍ እየቀነሰ ነው የሄደው። ጨረሰችና፣ «ሰናይት፣ ሜትርሽን አምጪ» አለችኝ።

ጠረጴዛው ጋ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የሜትሩን ጫፍ እሷ የልብሱ ጠርዝ ላይ ያዘች፤ እኔን አሥረኛው ቋጠሮ ጋ አስያዘችኝ።

«ስንት ይላል?»

ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ። መቶ ብላት ማን ያውቃል? አላልኳትም። እስከ ዛሬ ለራሴ የምሰጠው ምስጋና ይቺው ብቻ ናት።

«ዘጠና አራት» አልኳት።

«በይ እሺ» አለች። ከዚያ ሻሽዋን አስተካክላ ወደ ሰዎቹ ሄደች።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። በእጄ ነበር የምለካው፤ እጄ ሳተ።»

እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። መናገር የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው። አቡጀዲውን አላጠብኩትም። ሁለት ቃል። አላልኩም። ፈራሁ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት በኋላም ፈልጌ አላገኘሁም።

ጋሽ ቶሎሳ መጀመሪያ ጮኸ። «ዓይን የሌለው ሰው ከካውያ ጋር? ቤቴን ልታቃጥይው ነበር እኮ!» አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እዚያ ጥግ ቁጭ ብለሽ ክር ልቀሚ። ጓሮ ካሉት ላሞች አንዷ አታይም፣ እሷንም አልሸጥኳትም» አላት።

«ላሚቱስ ታድላለች» አለችው እየሳቀች። «እኔ ቆሜ ነው የኖርኩት ጋሽ ቶሎሳ። ተቀምጬ ክር ስለቅም መንፈሴ ይተኛብኛል።»

ከመሄዷ በፊት የጉርዶቹን ነገር ጨረሰች። ሁሉም በአጭሩ ልክ ይስተካከሉ፣ ጫፋቸው ላይ አራት ጣት የሚሆን ወርቃማ ቅጥያ ይግባባቸው አለች። «የተበላሸ ልብስ የለም፤ ያልተጨረሰ ነው ያለው» አለቻት እህት ገነትን። እንዳለችው አደረግን። በኋላ የመካኒሳ ኳየሮች «ያ ወርቃማ ጫፍ ያለው» እያሉ ልብስ ያዝዙን ጀመር። ጋሽ ቶሎሳ የራሱ ሐሳብ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያወራል።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የጠረጴዛውን ልብስ። ገመዱን ራሷ ፈታች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ብብቷ ሥር አደረገችው። በሩ ጋ ስደርስባት ቆመች። ጉንጯን ሰጠችኝ፤ እንደዚያ ስትሆን እንደምታየኝ አውቃለሁ።

«አንቺ ገና ነሽ» አለችኝ። «እኔ ዛሬ ባልወጣ ከርሞ እወጣለሁ። የሚቀጥለውን ግን እጠቢው።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለዚያ ሳንቃ አዲስ ልብስ እሰፋለሁ። ሦስት ጊዜ አጥባለሁ፣ ሦስት ጊዜ አደርቃለሁ፤ ውኃ ከጠፋ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። የሚቆጥረው ሰው ሳይኖር ቋጠሮውን አደርጋለሁ። አዲሶቹ ተኳሾች ጌጥ ይመስላቸዋል። እንዲህ ሳደርግ የከፈልኩ ይመስለኝ ነበር፤ ፉሪ ግን አልሄድኩም። እሷ ግድግዳ የማታይበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ትታየኝ ነበር። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

ጋሽ ቶሎሳ በነገረኝ ማግስት ሄድኩ። ቤቷን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ድንኳኑ እንዳለ ነው። ሙሾ የለም። አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ቀስ ብለው ይዘምራሉ። ልጅዋ ምሕረት ውኃ ይዛ መጣች። መልኳ ቁርጥ እናቷ ነው፤ ፊት ለፊት ማየቷ ብቻ ይለያል።

«ከየት ነው የመጣሽው እህቴ?»

«ከስፌት ቤት። አብረን ሠርተናል። ሰናይት እባላለሁ።»

ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«ሰናይት? አቡጀዲውን ያላጠብሽው ሰናይት?»

ዝማሬው ተቋረጠ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ስትስቅ ነው። ወዲያ ማዶ አንዲት አሮጊት «እሷ ናት?» ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። አግዳሚው በሙሉ ያውቀኛል። ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቀበርኩት ነገር እዚህ ሰፈር የምሳ ሰዓት ጨዋታ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወግቼ ስብሰለሰል፣ የተወጋችው እያወራች ስትስቅበት ኖራለች።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ። አቡጀዲውን አላጠብኩትም።»

ሁለቱ ቃላት ወጡ። የሚሰማቸው ሰው ሁሉ ነበር፤ እሷ ብቻ የለችም።

ምሕረት እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። መስኮቱ ሥር ሳንቃ አለ፤ እግር ተሠርቶለታል። ሳንቃው የለበሰው የኔን ልብስ ነው። መሀሉ ከስሎ ተቀዶ ብርድ ልብሱ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ግን ቋጠሮዎቹ በሙሉ አሉ። እትዬ ዳመነች ከዚያ ቀን በኋላ የጎረቤቱን ሸሚዝ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ የኳየሩን ልብስ ሳይቀር ስትተኩስ ነው የኖረችው። ስትታመም ነው ያቆመችው፤ ያም ቢሆን አንድ ወር አይሞላውም። ቆማ ነበር።

«ሌላ እናሰፋልሽ ስንላት እምቢ አለች» አለችኝ ምሕረት። «ይቺ የምትሰበሰበውን ተሰብስባ ጨርሳለች፣ ከዚህ ወዲያ አትዋሸኝም ትል ነበር። ሜትር ማለት እኛ ቤት አሥር ቋጠሮና አንድ አውራ ጣት ነው። እኔም የተማርኩት በዚያ ነው፤ አሁን የምተኩሰው እኔ ነኝ።»

አውራ ጣቴን አሥረኛው ቋጠሮ ጫፍ ላይ አጋደምኩት። ስድስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

«ለምን አልመጣሽም?» አለችኝ። ስትወቅሰኝ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«አፈርኩ።»

«እሷም እንደዚያ ነው ያለችው። ታፍራለች፣ ግን ትመጣለች፤ እኔ ባልኖርም ትመጣለች አለች።»

አልጋው ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጣችና ሰጠችኝ። አቡጀዲ ነው።

«ይሄን ገዝታ ያስቀመጠችው ሳይብስባት ነው። ሌላ ሰው እንዳይሰፋው፤ ቋጠሮው የት የት እንደሚሆን የምታውቀው ሰናይት ናት አለች። ስትመጣ ስጫት፣ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ በያት፣ ዘንድሮ ሰበብ እንዳታገኝ ብላኛለች።»

ተቀብዬ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል አሸት አደረግኩት። አሚዶ የለውም። በደንብ ታጥቧል።